ጥላዋን የለካች ልጅ

አቶ ወልደአማኑኤል ከወፍጮ ቤት ሲመለሱ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ባያልፉ ኖሮ ያን ቀን ደማቸው ባልፈላ ነበር። የናዝሬት ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት ሕፃናቱ ሜዳ ላይ ቆመዋል፤ ከመካከላቸውም የልጅ ልጃቸው ዘርፉ አለች። አባቷ ወደ ሰሜን ሲዘምት ለእሳቸው ነበር የሰጣት፤ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ነውና ሽማግሌው ሲሳሱላት ይውላሉ። በዚያ ዘመን ፀሐይ ላይ ማቆም የታወቀ ቅጣት ስለነበር ሌላ ነገር አልጠረጠሩም። ሳያስፈቅዱ ገቡ።

መምህሩ መርጋ ከማሠልጠኛ በቅርቡ የወጣ የወለንጪቲ ልጅ ነው። እጅ ነስቶ ተቀበላቸውና ቅጣት እንዳልሆነ፣ ልጆቹ ስለ ፀሐይ እየተማሩ መሆናቸውን በትሕትና ነገራቸው። ይህ ግን ባሰባቸው።

«ፀሐይን ለማወቅ ደግሞ ትምህርት ቤት ያስፈልጋል? ቀና ሲሉ አለችልህ። ልጅቷን ምች ቢመታብኝ ለአባቷ ምን እመልሳለሁ? በል ይዣት ልሂድ፤ ከእንግዲህም አትመጣም።»

«አባቴ፣ ቀና ብለው እንዳያዩዋት ነው መጀመሪያ ያስተማርኳቸው፤ ዓይን ታጠፋለች። የምናየው ጥላችንን ነው። መውሰዱን ይውሰዷት፤ ግን አስቀድመው የተማረችውን ይጠይቋት።»

ዘርፉ ፈራ ተባ እያለች ጥላዋን የለካችበትን ሲባጎ አሳየቻቸው።

«ጠዋት ጥላዬ ከእኔ ይረዝም ነበር፤ አሁን አጠረ። ፀሐይዋ ወደ አናታችን መጥታለች። ጥላዬ ከእኔ ካጠረ በርትታለች ማለት ስለሆነ ቶሎ ዛፍ ሥር እገባለሁ።»

እውነትም ለክተው የጨረሱት ልጆች ግራሩ ሥር ገብተው ውሃ እየጠጡ ነበር። አንዷ ሽማግሌውን ፀሐይ ላይ ወደተቀመጡ ሁለት ጣሳዎች ወስዳ ጣታቸውን አስነከረቻቸው። ጥላሸት የተቀባው ጣሳ ውሃ ከነጩ ይልቅ ሞቋል፤ ጥቁር ነገር ሙቀት ይስባል አለቻቸው። አቶ ወልደአማኑኤል በዚያ ሐሩር የደረቡትን ጥቁር ካፖርት ሰረቅ አድርገው አዩና አውልቀው በክንዳቸው ያዙት።

ቡልጋ ዲያቆን ሳሉ የጾም መፍቻ ሰዓት መድረሱን የሚያውቁት ጥላቸውን በጫማ እየለኩ ነበር። ለመርጋ ይህን ካጫወቱት በኋላ ድምፃቸው ለዘብ አለ። «ስንለካ ኖርን እንጂ ለምን እንደሚያጥር ጠይቀን አናውቅም» አሉ።

መርጋም፣ «ልጅን ከፀሐይ ብንደብቀው የምንጠብቀው እስከ ደጃፋችን ነው፤ ጠባይዋን ካወቀ ግን እኛ በሌለንበትም ራሱን ይጠብቃል» አላቸው።

ይህ አነጋገር የሽማግሌውን ልብ አሳረፈው። አደራው ከባድ የሆነባቸው ለብቻቸው ስለተሸከሙት ነበር። ሰው የሚፈራውን ነገር ቀርቦ ቢመረምር ግማሹ ፍርሃት ይለቀዋል፤ ለቀረው ግማሽ ደግሞ መላ ያገኝለታል። ልጆች ይህን በጨቅላነታቸው በእጃቸው እየነኩ ከተማሩ፣ ጤናቸውም ዓይናቸውም ይጠበቃል፤ ለምን ብሎ መጠየቅንም ይለምዳሉ።

ዘርፉ ደብተሯን ሰብስባ መጣች። «እንሂድ አባባ?»

«የት? ትምህርትሽን ጨርሺ እንጂ» አሉ ሽማግሌው። «አባትሽ ዘንድ የሚሄድ ሰው ሳገኝ፣ ልጅህ ራሷን መጠበቅ ጀምራለች ብዬ እልክበታለሁ።»