ሀገረ ፈቃድ እና የርብ ሙላት

ባለፈው ነሐሴ ከወረታ ተነሥቼ ከይፋግ በታች ወዳለ አንድ መንደር ለቅሶ ልደርስ ስሄድ፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን አልብሶት ስለነበር ከውኃው ዳር ቆሜ ቀረሁ። እዚያም ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ አገኘሁ። አንደኛው አያ በላቸው የሚባሉ ሩዝ አምራችና የእድር ዳኛ ናቸው። ሁለተኛው የጎረቤታቸው ልጅ ሰውመሆን ነው፤ ባሕር ዳር የምጣኔ ሀብት ትምህርት ጨርሶ ለክረምት ቤተሰቡ ዘንድ መጥቷል። የክርክራቸው መነሻ ታደለ የተባለው ባለታንኳ ነበር።

«ልጄ ታደለ፣» አሉ አያ በላቸው፣ «ጠዋት የጠየቅኸውን እጥፍ አድርገህ አሁን ትጠይቃለህ። በሰው ጭንቅ ይነገዳል?»

«አያ፣ ታንኳዋን ከጣና ዳር ተሸክመን ነው ያመጣናት፤» አለ ታደለ። «እዚያ ብውል ዓሣዬን አጠምድ ነበር። ውኃውም እየበረታ ነው፤ ብትገለበጥብኝስ?»

ሰውመሆን ጣልቃ ገባ። «ቢቀየሙኝም እውነቱን ልንገርዎት፣ አያ በላቸው። እኔ ስለ አንድ አገር ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ስሙን ሀገረ ፈቃድ ብዬዋለሁ። በዚያ አገር ግብር የለም፤ የግዴታ መዋጮ የለም፤ ማንም ሳይፈቅድ ምንም አይወሰድበትም። መንገዱም ግድቡም ባለቤት አለው። ዋጋ ሲወደድ ሻጭ ይመጣል፤ ሻጭ ሲበዛ ዋጋው ይወርዳል።»

«የሌለውስ ሰው?»

«ርኅሩኆች በፈቃዳቸው ይረዱታል።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። እኔም የወጣት ሕልም ነው ብዬ አለፍኩት። ይሁን እንጂ የክፍያውን ነገር የሰሙ ሌሎች ባለታንኳዎች ቀትር ሳይሆን የደንገል ታንኳቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ደረሱ፤ ዋጋውም ወደ ጠዋቱ ተመለሰ። አያ በላቸው ይህን አይተው «ይህችስ ገብታኛለች» አሉ። በዕድሜ የገፋ ሰው እንዲህ በቀላሉ ሲቀበል ብዙ ጊዜ አይታይም።

ጥቂት ቆይቶ ከቀበሌ የመጣ ሰው ባለታንኳዎቹ ሁሉ በነፃ እንዲያሻግሩ አዘዘ። ትእዛዙ ከቅን ልብ የመነጨ ይመስለኛል። ባለታንኳዎቹ ግን አንድ በአንድ ታንኳቸውን አንሥተው ወደ መጡበት መመለስ ጀመሩ፤ ሰውየው ትእዛዙን እስኪያነሣ ድረስም አልቆሙም። ሰውመሆን ወደ አያ በላቸው ዞሮ ተመለከተ።

ታደለ ከማዶ ሲመለስ መጥፎ ወሬ ይዞ መጣ። ሸክላ ሠሪዎቹ የሚኖሩበት ዝቅተኛ ቦታ በውኃ ተውጧል፤ የአንዲት አሮጊት ቤትም ፈርሷል። ሰውመሆን ወዲያው ከኪሱ ከፍሎ አሮጊቷን ከነልጅ ልጆቿ አሻገራት። ገላነሽ ትባላለች። ከታንኳው እንደ ወረደች «እግዜር ይስጥልኝ፤ የቀሩት ጎረቤቶቼስ?» አለች።

የወጣቱ ኪስ ባዶ ሆኗል። ወደ እኛ ዞሮ በፈቃዳችን እንድንሰጥ ለመነ። ጥቂቶች ሰጡ። አንድ የሩዝ ነጋዴ መጋዘኑ ከፍታ ላይ መሆኑን ተናግሮ ሄደ። ሌሎቻችን ጎናችን ያለው ሰው ቀድሞ እስኪሰጥ እየጠበቅን ቆምን።

«በሀገረ ፈቃድ አሁን ምን ይደረጋል?» ሲሉ አያ በላቸው ያለ ፌዝ ጠየቁት።

«እንደ እድር ማኅበር ያቋቁማሉ። እድርም እኮ በፈቃድ ነው።»

«እውነት ነው። ግን ለእድር ያላዋጣ ቀባሪ ያጣል። ውኃ እንዲህ አይደለም። ለርብ የአፈር ግድብ ብንሠራለት ያዋጣውም ያላዋጣውም ማሳው ይድናል። ታዲያ ብልጡ ለምን ያዋጣል? ሁላችንም ብልጥ የሆንን ጊዜ ደግሞ ግድቡ ሳይሠራ ይቀራል።»

«ይህን አልጻፍኩትም፤» አለ ሰውመሆን። «እንግዲያስ መዋጮው የግዴታ ይሁን። ባለታንኳው ግን ዋጋው ይከፈለው እንጂ አይታዘዝ። የተሰበሰበውም ምን ላይ እንደ ዋለ በአደባባይ ይነገረን። አለዚያ ሰብሳቢው ከጎርፉ በምን ይሻላል?»

«ይህንንስ እኔም ስጠይቅ ኖሬአለሁ።»

«እንግዲያው የእድሩን ገንዘብ ያስመጡና ታንኳዎቹን እንከራይ።»

አያ በላቸው አመነቱ። በዙሪያቸው የቆሙት የእድሩ አባላትም አጉረመረሙ። «ሸክላ ሠሪ በእድራችን ገብቶ አያውቅም፤» አሉ ሽማግሌው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከአባቶቻችን የወረስነው ነው።»

«በሀገረ ፈቃድ ማሰሮ የሚገዛ ሰው ማሰሮው ያፈስ እንደ ሆነ ይጠይቃል እንጂ የሠሪዋን ዘር አይጠይቅም። እርስዎስ ቤት ያለው እንስራ የማን ሥራ ነው?»

ገላነሽ ይህን ሁሉ ቆማ ትሰማ ነበር። ሽማግሌው አዩዋትና ወዲያው ሰው ወደ ገንዘብ ያዡ ላኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ሰው በሙሉ ተሻገረ።

ወጣቱ ስለ ዋጋ የተናገረው እውነት ነበር፤ ታንኳዎቹን ያመጣቸው ዋጋው ነውና። የሽማግሌውም እውነት ነበር፤ ድኾቹ የተሳፈሩት በጋራ ገንዘብ ነውና። ገበያ ላለው ሰው ፈጥኖ ይደርሳል፤ ለሌለው እንዲደርስ ግን ሁሉም እንደ አቅሙ የሚከፍልበት ሥርዓት ያስፈልጋል። የዚያ ሥርዓት ጠባቂዎችም የሚጠየቁ መሆን አለባቸው።

በጥቅምት የእድሩና የቀበሌው ሰዎች ተሰብስበው እያንዳንዱ በምርቱ መጠን እንዲያዋጣ ወሰኑ። ያ ነጋዴ አጥብቆ ተቃወመ፤ በኋላ ግን ከፈለ። ባለታንኳዎቹም ከመዋጮው እየተከፈላቸው በሚመጣው ክረምት ሰው ሊያሻግሩ ተዋዋሉ። ሒሳቡ በየወሩ በጉባኤ ይነገራል። ይህን ስጽፍ ግድቡ ገና ግማሽ ላይ ቢሆንም፣ በበጋው ማንም ለሥራው ሲለመን አላየሁም።

በዚያ ስብሰባ ላይ ሸክላ ሠሪዎቹ መሬት ስለሌላቸው ከመዋጮ ነፃ ይሁኑ ተባለ። ገላነሽ ከኋላ ተነሣች።

«ነፃ አታድርጉኝ፤» አለች። «ካላዋጣሁ በሚመጣው ክረምት ታንኳው ላይ የምሳፈረው ለምኜ ነው። ካዋጣሁ ግን ደጄ ላይ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ።»

ከነጠላዋ ጫፍ ብር ፈትታ ወደ ፊት መጣች። አያ በላቸውም ከመቀመጫቸው ተነሥተው ብሩን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት።