መጋዘን የገባው ስም

ሶዶ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ይከፈት ተባለና የዶሜይን ስሙን፣ ማለትም በየዓመቱ እየተከፈለ የሚታደሰውን የድረ ገጹን መጠሪያ፣ እንድገዛ እኔ ታዘዝኩ። ገዛሁ። ፋይናንስ ግን «በመንግሥት ገንዘብ የተገዛ ሁሉ መጀመሪያ መጋዘን ይገባል፤ የንብረት መረከቢያው ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ይቆረጥለት» አለኝ። የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ዳና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ፊት አይተው አያደሉም። «ዕቃው የታል?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ስም እኮ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ እንጂ በእጅ አይያዝም።» «እግዚአብሔርም በእጅ አይያዝም፤ እሱን ግን ፈርመህ ተረከብ ያለኝ የለም!»

ምን ላድርግ? ስሙን በትልቁ አትሜ፣ ገበያ ወርጄ መስታወት ፍሬም አስገብቼ አመጣሁላቸው። ደስ ብሏቸው ፈረሙ፤ የንብረት ቁጥር ለጥፈውበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጡና ቆለፉበት። ድረ ገጹ ግን ኮሚቴ ሲቋቋምለት፣ ኮሚቴው ሲገመገም ዓመቱ አለቀ። ስሙን የሚያሳድስ ጠፍቶ ሌላ ሰው ገዛው። ሮጬ ለሥራ አስኪያጁ «ስማችን ተወሰደ!» አልኳቸው። ደንግጠው ጋሽ ዳናን አስጠሩ። ጋሽ ዳና መጋዘን ደርሰው ተመለሱና «ውሸት ነው፤ አሁን በዓይኔ አይቼው መጣሁ፤ አቧራ እንኳ አልነካውም» አሉ። ሥራ አስኪያጁ እፎይ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ምን ነክቶህ ነው ሽብር የምትነዛው?»