የስልሳ ክፍል ወለል እና ሃያ አራት ጥያቄ

ተከራዮቹ በሹክሹክታ «ጋሽ ጠርጥር» ይሏቸዋል። የስልሳ ክፍሉን የኪራይ ቤት ቧንቧ የዘረጉት እሳቸው፣ የሚጠግኑትም እሳቸው ናቸው። አንድ ጠዋት መዶሻና መሮ ይዘው ሲወጡ፣ ሂሳብ አስተማሪዋ የእህታቸው ልጅ በር ላይ ገጠመቻቸው።

«ጋሼ፣ በጠዋቱ ከማን ጋር ሊጣሉ ነው?»

«ከወለሉ ጋር። ውሃ ከሥር ይፈሳል፤ የት እንደሆነ ግን አይታወቅም። ከአንድ እስከ ስልሳ አፈርሰዋለሁ።»

«እትዬስ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ። ከስልሳው በአንዱ ክፍል አብረዋቸው የሚኖሩት ባለቤታቸው ወገባቸው ተሰብሮ አልጋ ከያዙ ሦስት ወራቸው ነው፤ ሐኪሙም እንዳይንቀሳቀሱ አስጠንቅቋል። «ከሰዓት በቃሬዛ ወደ እህቷ ቤት ይወስዷታል» አሉ። መነሳቱ የሚያደርስባቸውን ስቃይ ያውቁታል፤ ነገር ግን ለእሳቸው ሥራ ማለት ሁሉንም ከፍቶ ማየት ነበር።

«የውሃ ቆጣሪው ምን ይላል?»

«መስታወቱ ደፍርሶ ቁጥሩ አይነበብም። ውሃ ሲያልፍ የምትሽከረከረው ትንሿ ጎማ መዞር አለመዞሯ ብቻ ይታያል። ተከራዩም አደብ የለው፤ ውሃ አትክፈት ስትይው ይከፍታል።»

«ይበቃናል» አለች። ሽማግሌው ከልባቸው ሳቁ።

«ይስሙኝ እንጂ ጋሼ። የሚያፈሱት ክፍሎች ስንት ቢሆኑ ነው?»

«አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። ሁሉማ ቢያፈስ እስካሁን በጀልባ ነበር የምንሄደው።»

«ጥቂት መሆናቸው ነው የሚያግዘን። የየክፍሉ የውሃ መዝጊያ ኮሪደሩ ላይ አለ። የተወሰኑትን ከፍተን ሌላውን እንዘጋለን። ጎማዋ ከዞረች የሚያፈሰው ከተከፈቱት ውስጥ ነው። ከዚያ ክፍሎቹን እየቀላቀልን ቆጣሪውን ሃያ አራት ጊዜ እንጠይቃለን።»

«አንድ በአንድ ብንጠይቅስ?»

«አንድ ተከራይ ያኔ እጁን ቢታጠብ የማያፈሰውን ክፍል ያፈርሳሉ። በእኔ መንገድ ግን እያንዳንዱ ክፍል ብዙ ጊዜ ይጠየቃል፤ አንዱ መልስ ቢዋሽ ሌሎቹ ያጋልጡታል። ግማሹ ቤት የሚያፈስ ቢሆን ኖሮ ዘዴዬ አይሠራም፤ መዶሻዎን አላስጥልዎትም ነበር።»

ይህን ማመኗ ነው ጋሽ ጠርጥርን ያለዘባቸው። ሁሉን እችላለሁ የሚል ሰው አይወዱም።

እሳቸው ቆጣሪው ሥር ቁጭ ብለው «ዞረች»፣ «ቆመች» ይላሉ፤ እሷ ትጽፋለች። አሥራ ሰባተኛው ላይ ጎማዋ ስትዞር፣ ከላይ ልብስ የሚያጥብ ሰው ዘፈን ተሰማ።

«ይኸው፣ ውሸት ገባበት። ሁሉንም ጣይው።»

«አልጥልም፤ ይቆይ።»

ሃያ አራቱ ሲያልቁ ወረቀቷን ዘረጋች። የሚያፈሱት ክፍል አሥራ አንድና አርባ ሦስት ናቸው ቢባል ከሃያ አራቱ መልሶች ሃያ ሦስቱ ገጠሙ፤ ሌላ ጥንድ ከአሥራ ዘጠኝ አላለፈም።

«አንዷ መልስ ቀረች» አሉ ሽማግሌው።

«እሷማ የልብስ አጣቢው ናት።»

አሥራ አንድን በጥርጣሬ ፈነቀሉት፤ አሸዋው እርጥብ ነበር፣ ቀጥሎም ውሃው ገንፍሎ ወጣ። አርባ ሦስትን ሲፈነቅሉ አልተጠራጠሩም። ሃምሳ ስምንት ወለል ተረፈ፤ ውሃው በዕለቱ ቆመ፤ ከክፍሉ የወጣ ቤተሰብ የለም። ጥቂት ጥፋት ለማግኘት ሁሉን ማፍረስ እንደማያስፈልግ፣ ጎዶሎ መልስም በብልሃት ከተሰበሰበ እውነቱን እንደሚናገር በእጃቸው ዳሰሱት።

እጃቸውን ሳይታጠቡ ወደ ባለቤታቸው ገቡ። ሴትየዋ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጨርቃቸውን በጥቅል አሳስረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ።

«ሰዎቹ መጡ?»

«አይመጡም። የትም አትሄጂም።»

ሴትየዋ ዓይናቸውን ገለጡ። እንባቸው ወደ ጆሯቸው ወረደ።

«አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ሳታፈርስ የምታምነው?»

«ከዛሬ ጀምሮ» አሉ፣ ጥቅሉን እየፈቱ።