ስንጥቁ ላይ የቆመች ሽቦ

(ክረምት ነው፤ ዝናቡ ለጊዜው አባርቷል። ከተራራው ሥር ባለ ቤት ጓሮ ደምሌ በተሰነጠቀው መሬት ላይ የተከለውን መለኪያ ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ሚስቱ ጌጤ ከውጭ ገብታ ከኋላው ቆማለች።)

ጌጤ፦ አልወርድም ካልክ አንተ ቅር! እኔ እናኑን ከነልጇ ይዣት እሄዳለሁ።

ደምሌ፦ አራስ ልጄን በዚህ ጭቃ? ክርስትና ሳይነሳ? ሰው ምን ይላል?

ጌጤ፦ የቱ ሰው? አገሩ ሁሉ ሜዳው ላይ ወርዶ የቀረነው እኛ ነን።

ደምሌ፦ ይልቅ ነይ እዪ። አንዱ ችካል ሽቦዋን ይዞ ከስንጥቁ ወዲህ፣ አንዱ ቆርቆሮውን ይዞ ወዲያ። መሬቱ ቢከፈት ኖሮ ሽቦዋ ቆርቆሮው ላይ በሚስማር የጫርኩትን ምልክት ትለቅ ነበር። ለቀቀች?

ጌጤ፦ አልለቀቀችም።

ደምሌ፦ ታዲያስ!

ጌጤ፦ ጃንጥላዬን ገነጣጥለህ፣ የዘይት ቆርቆሮዬን ቀደህ፣ አሁን ደግሞ በእሱ ልጄን ልትዳኝ?

ደምሌ፦ አትናቂያት፤ ከዓይንሽ ይልቅ እሷ ትታመናለች።

ጌጤ፦ የጓዳው በርስ? አልዘጋ ብሏል።

ደምሌ፦ እንጨት በክረምት ያብጣል።

ጌጤ፦ ምንጩስ? በዚህ ሁሉ ዝናብ መሀል የደረቀው አብጦ ነው?

ደምሌ፦ እሱን... እሱን እንጃ።

ጌጤ፦ ውሃም ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ ደምሌ።

ደምሌ፦ እኔስ መች ጠፋኝ! ፈርቻለሁ እኮ። ግን የጎረቤታችንን የዘርፌን ምራት ረሳሻት? አራስ ነበረች፤ እዚያው ሜዳ፣ ላስቲክ ሥር፣ ብርድ መትቷት አይደል የቀበርናት? እናኑም ታተኩሳለች። እዚህ ቢያንስ እሳት አላት።

ጌጤ፦ አልረሳሁም። እኔው ነኝ የገነዝኳት።

ደምሌ፦ እንግዲያ ሽቦዋ እስክትነቃነቅ እንቆይ።

ጌጤ፦ አትነቃነቅም።

ደምሌ፦ እሰይ! አሁን ገባሽ።

ጌጤ፦ ድምፅህን ቀንስ፣ እናኑ እንዳትሰማ። ማገዶ ልለቅም ወጥቼ ባዶ እጄን የተመለስኩት ለምን መሰለህ? ከጥዶቹ በላይ ሌላ ስንጥቅ አለ። ክንዴን እስከ ብብቴ ሰድጄ መጨረሻውን አጣሁት። ተራራውን ከዳር እስከ ዳር ቆርጦታል።

ደምሌ፦ ከጥዶቹ በላይ? ታዲያ ይቺ ለምን ዝም አለች?

ጌጤ፦ ሁለቱም ችካሎችህ ከእሱ በታች ናቸዋ። ከእኛ ጋር አብረው እየወረዱ ነው።

(ደምሌ ከመለኪያው ቀና ብሎ ወደ ጥዶቹ ያያል።)

ጌጤ፦ ደምሌ?

ደምሌ፦ ቃሬዛውን አምጪ። ከገደላትም ብርዱ ይግደላት።