የክርስትና ስም ያልነበራቸው ወይዘሮ ፊሮዛ ሶራብ

ወይዘሮ ፊሮዛ ሶራብ ማክሰኞ ጠዋት እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ በልጃቸው ቤት ዐረፉ። ሳይጠመቁ ነው ያረፉት።

የተወለዱት በ1943 ዓ.ም. በድሬዳዋ ነው። አባታቸው አቶ ሶራብና እናታቸው ወይዘሮ ዲና ከሕንድ የመጡ፣ የጥንቱን የፋርስ ነቢይ የዞሮአስተርን ትምህርት የሚከተሉ ሰዎች ነበሩ። እዚያው ተምረው የሂሳብ መምህርት ሆነው፣ በ1965 ዓ.ም. የሥራ ባልደረባቸውን አቶ ዓብዩ ልሳነወርቅን ሲያገቡ፣ ወገኖቻቸው ከሃይማኖት ውጭ አገባሽ ብለው በር ዘጉባቸው፤ የባላቸው ዘመዶች ደግሞ ካልተጠመቅሽ ብለው አስጨነቋቸው። ባላቸውንም ሃይማኖታቸውንም አልተዉም።

በ1975 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሻግረው ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ገቡና ልጃቸውን ሃኒን ወለዱ። ጾም በሌለበት ሃይማኖት እየኖሩ፣ ለአርባ ዓመት በየሐዘንተኛው ቤት ለእድራችን የጾም ወጥ ሲሠሩ፣ "እሳት አምላኪ" የሚላቸው አልጠፋም። አንድ ቀን የእድራችን አባል ወይዘሮ የዓለምዘርፍ እውነት እሳት ታመልኪያለሽ ወይ ብለው ፊት ለፊት ቢጠይቋቸው እንዲህ አሉ፦ "የዓለምዬ፣ አንቺ ወደ ምሥራቅ ዞረሽ ትጸልያለሽ፤ ጎረቤታችን ሳቢራ ወደ ቂብላ ዞራ ትሰግዳለች። አቅጣጫ አመለካችሁ ያላችሁ አለ? እኔም ወደ ብርሃን ዞሬ አንዱን ፈጣሪ እለምናለሁ። እናንተ ኃጢአትን በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር ብላችሁ ትናዘዛላችሁ፤ እኛ በጎ ሐሳብ፣ በጎ ቃል፣ በጎ ሥራ እንላለን። በይ አሁን ሽንኩርቱን ክተፊ።"

እኔ ኪራኮስ ዘመዳቸው አይደለሁም። በሃያ ዓመቴ ሎረል በምትባል ከተማ መኪና ውስጥ እኖር ነበር፤ ስለዚያ ዘመን ብዙ አልናገርም። ቤታቸው ሲያስገቡኝ የጠየቁኝ ሃይማኖቴን ሳይሆን ምሳ መብላቴን ነው።

አቶ ዓብዩ ከሞቱ በኋላ ልጃቸው ዘንድ ሆነው ሦስት ዓመት በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ፣ ክርስቲያን ማተቡን እንደማይበጥስ ሁሉ፣ በወገባቸው የሚታጠቁትን የጸሎት ክር አንድም ቀን አልተዉትም።

ትናንት የሕይወት ታሪካቸው ረቂቅ እንዳነበው ከእድሩ ተጽፎ ሲሰጠኝ፣ የክርስትና ስም በሚለው ቦታ ላይ "ወለተ ማርያም" ተብሎ ተሞልቶ ነበር። ጸሐፊያችን አቶ ይድነቃቸው፣ "ለክብራቸው ብዬ ነው፤ ሰው ምን ይላል?" አሉኝ። በሕይወት ሳሉ እምቢ ያሉትን፣ መመለስ በማይችሉበት ቀን አንጭንባቸውም። በሃይማኖታቸው ከክፉ ሁሉ የከፋው ሐሰት ነው፤ አስከሬናቸው ፊት ቆሜ ሐሰት አላነብም። ሰርዤዋለሁ። ቅር ያለው ከእኔ ጋር ይነጋገር።

በየትኛውም ስም ቢጠሩት የሚሰማው አምላክ ነፍሳቸውን በብርሃን ቦታ ያሳርፍልን። ልጃቸው ሃኒ፣ የልጅ ልጃቸው ማቲያስና እኔ ቀርተናል።