የወርሳሜ ጀልባና የእኔ ዝምታ

የተከበሩ ሼኽ ተማም፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ከጀልዴሳና ከቢዮ አዋሌ ድረስ የመጣችሁ የወርሳሜ ዘመዶች፣ የሽመንደፈር ባቡር ባልደረቦቼ፤ አላህ ያጽናችሁ። ፀሐዩ ከባድ ነው። ሼኽ ተማም ጥቂት እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ ብዙ አላቆማችሁም።

የማታውቁኝ ካላችሁ ሣህሉ እባላለሁ። በባቡሩ ወርክሾፕ የብረት ሠራተኛ ነኝ። ዛሬ ከምንቀብረው ከወርሳሜ ጋር ሃያ ዓመት በአንድ አጥር ተጎራብተን ኖረናል።

ቅድም ሼኹ፣ «በዚህ ሰው ላይ ሐቅ፣ ዕዳ ያለው አለ?» ብለው ጠየቁን። «አፉ በሉት፣ ይቅር በሉት» አሉን። «አፉ ብለናል» አልን። እኔም ከናንተ ጋር አልኩ። ብዬም አፈርኩ። እኔ ማን ነኝና ነው ወርሳሜን አፉ የምለው? ሐቅ ያለው እሱ ነው። ያለውም እኔ ላይ ነው።

ወርሳሜን የቀፊራ ገበያ ሸክም ካጎበጠው በኋላ የምታውቁት ብዙ ናችሁ። በጀልባ ላይ ያየው ግን ስንቱ ነው? ጀልባዋን የገዛት ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ግሪክ ነው። ያኔ የአንድ ነጋዴ ፒካፕ ይነዳ ነበር፤ እሑድ እሑድ ነጋዴው መኪናውን ይፈቅድለታል። ከአሮጌ የመኪና አክስል ተሳቢ ሠራሁለት። ጀልባዋን ተሳቢው ላይ ጭነን፣ የደንገጎን ዳገት ወጥተን፣ ዓለማያ ሐይቅ እንወርዳለን።

አጎቱ ዐብዱላሂ እዚህ አሉ። ጀልባዋን መጀመሪያ ያዩ ቀን ምን እንዳሉት ያስታውሳሉ። «ዋርያ፣ የግመል ልጅ ሆነህ ዓሣ ልታግድ ነው?» አሉት። ወርሳሜ ምን አለ? «ዓሣ እንደ ግመል ጠፍቶ አያንከራትተኝም። ሐይቁ አጥሮልኛል» አለ። አሁንም ፈገግ አሉ፤ አየሁዎት።

ወርሳሜ እንደ ሌላው አጥማጅ መንጠቆ ጥሎ አይጠብቅም። ጀልባዋን ቀስ ብሎ ይቀዝፋል፤ ረጅሙን ክር ከኋላ እየጎተተ። ክሩ ጫፍ ላይ ከማንኪያ የተቆረጠ የሚያብረቀርቅ ነገር አለ። ትልቁ ዓሣ ትንሽ ዓሣ የሸሸ ይመስለውና ይከተላል፤ ይውጣል። የባለቤቱ የዳሃቦ የሻይ ማንኪያ በየሳምንቱ አንድ ይጎድል ነበር። «እንግዳ ሲመጣ ስኳሩን በጣታችን እናማስል?» ትለዋለች። እሷም ግን አልቀረችም። ክሩን ልጃቸው ቢሻሮ ጣቷ ላይ ጠምጥማ ትይዛለች። አንተ አብሺር፣ የገባውን ውሃ በጣሳ ትቀዳለህ። አባትህ ይቀዝፋል፣ ይዘፍናል። ድምፁ ጥሩ አልነበረም። ማንም ግን ዝም በል አይለውም።

አሁን ወደ ነውሬ ልምጣ።

በሃምሳ ሦስት ዓ.ም. ነው፤ በጥቅምት፣ እሑድ ቀን። በዚያን ቀን እኔ አንድም ዓሣ አልያዝኩም። ዳሃቦ ክንድ የሚያህል አምባዛ ጎትታ አወጣች። ሁሉም ሳቁ። «ሣህሉ፣ ባቡር ብቻ ነው የምትጎትተው?» አለችኝ። ቀልድ ነበር። እኔ ግን አኮረፍኩ። ቶሎ ወደ ቤቴ መሄድ ፈለግሁ።

ተሳቢውን ከመኪናው ጋር ማያያዝ ሁልጊዜ የእኔ ሥራ ነበር። መሸጎሪያው ብረት ከእጄ አምልጦ ጭቃ ውስጥ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ብፈልገው አገኘዋለሁ። አልፈለግሁትም። በቦታው ሚስማር አስገብቼ በድንጋይ ቆለመምኩት። ሰንሰለቱን አላሰርኩም። ዝናብ መጣ እንዳልል ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። መሸ እንዳልል ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ወርሳሜ ከመሪው ሆኖ ጠየቀኝ። «ሣህሉ፣ መሸጎሪያውን አስገብተሃል?»

«አስገብቻለሁ» አልኩ።

«ሰንሰለቱስ?»

«እሱንም።»

ቃሌን አመነ፤ መኪናውን አስነሳ።

ደንገጎን ስንወርድ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ሚስማሩ ሲበጠስ ሰማሁ። ተሳቢው ሲላቀቅ በዓይኔ አየሁ። ጀልባዋ ተገለበጠች፤ ተሳቢው ወደ መንገዱ ዳር ሮጠ። እዚያ አንድ ሰው እንጨት ጭኖ አህያውን እየነዳ ይወርድ ነበር። ያ ሰው ጋሽ ሞሐሙድ ናቸው። ያው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው እዚያ ቆመዋል። እግራቸው ከዚያ ቀን ወዲህ አልተዘረጋም።

የትራፊክ ፖሊሱ መጣ። «ተሳቢውን ማነው ያሰረው?» አለ። ወርሳሜ የተበጠሰውን ሚስማር ከመሬት አንስቶ በእጁ ይዞ ነበር። ሚስማሩን አየ። እኔን አየ። እኔ ምን አየሁ? ጫማዬን። ጫማዬን አየሁና ዝም አልኩ።

«እኔ ነኝ» አለ ወርሳሜ።

አራት ወር ታሰረ፤ ዝም አልኩ። መንጃ ፈቃዱን ተቀማ፤ ዝም አልኩ። ነጋዴው አባረረው። ያ መሪ እንጂ ሌላ ይዞ የማያውቅ ሰው ቀፊራ ገብቶ የማሽላ ጆንያ ተሸከመ፤ ዝም አልኩ። እኔ በዚያው ዓመት ወርክሾፑ ውስጥ ካፖ፣ የሠራተኞች አለቃ ሆንኩ። ሠራተኞቼን ስለ ጥንቃቄ እመክር ነበር። ጌታ ሆይ፣ እንዴት ያለ አፍ ነው የሰጠኸኝ?

አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ከተፈታ ከዓመት በኋላ በአውቶቡስ ዓለማያ ወጣን፤ ሁለታችን ብቻ። ከአንድ ገበሬ ታንኳ ለምነን እሱ ቀዘፈ፤ ክሩን እኔ ያዝኩ። «ወርሳሜ፣ ያን ቀን...» አልኩ። መቅዘፉን አላቆመም። «ዝም በል፣ ዓሣውን ታሸሽብኛለህ» አለ። ያውቅ ነበር። ሊያሳርፈኝ ነው ዝም በል ያለኝ። እኔ ምን አደረግሁት? ለአንድ ከሰዓት በኋላ የሰጠኝን ምሕረት ለዘጠኝ ዓመት ተጠቀምኩበት።

አብሺር፣ ከሁሉ የሚብስብኝን ልንገርህ። የዛሬ ሁለት ዓመት ጣቢያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ተቀምጠን ነበር። አንድ ጓደኛህ፣ «አባትህ ድሮ ሹፌር ነበር አሉ?» አለህ። አንተም፣ «አዎ፣ ተሳቢ ማሰር የማይችል ሹፌር» አልከው። ጓደኞችህ ሳቁ። እኔ አጠገብህ ነበርኩ። ሻዬን አንስቼ ጠጣሁ። አየህ? አባትህ በገዛ ልጁ አፍ ሲዋረድ እያየሁ ሻይ ጠጣሁ።

አትነሳ ልጄ። መጀመሪያ ልጨርስ፤ ከዚያ የፈለግኸውን በለኝ። አባትህ ማሰር የማይችል ሹፌር አልነበረም። ጠይቋል። ሁለት ጊዜ ጠይቋል። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ያሰርኩት እኔ፣ ያላሰርኩትም እኔ ነኝ። አንተ ያፈርክበት ጥፋት የአባትህ አይደለም።

ጋሽ ሞሐሙድ፣ እርስዎ እስር ቤት ድረስ በምርኩዝ ሄደው ወርሳሜን አፉ ብለውታል። አፉ ያሉት ሰው ጥፋት አልነበረበትም። ያንን ይቅርታ ለእኔ ያዛውሩልኝ አልልም። እንደገና ያስቡበት። እምቢ ቢሉም እውነትዎን ነው።

ለምን ዛሬ? ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። በሕይወት ሳለ ደረቱን ይዞ ሲያስል በየቀኑ በአጥሩ እሰማው ነበር። ነገ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ሲነጋ ሥራ እገባለሁ። ትናንት ከሰዓት ዳሃቦ ስትጮኽ ነው ነገ የሚባል ቀን እንዳለቀብኝ ያወቅሁት። ይህ ጀግንነት አይደለም። እባካችሁ ማንም በርታ እንዳይለኝ።

ከዚህ በቀጥታ ወደ ቤቱ እሄዳለሁ። ዳሃቦና ቢሻሮ ይህን ከሌላ ሰው አፍ መስማት የለባቸውም። ባያስገቡኝ ደጃፉ ላይ ቆሜ እነግራቸዋለሁ። ወደ ፖሊስ ጣቢያውም እሄዳለሁ። መዝገቡ ተዘግቷል ይሉኝ ይሆናል። ቢሆንም ስሜን ይጻፉልኝ።

ወርሳሜ፣ ወንድሜ። አንተ ስትሰማ መናገር ነበረብኝ። አሁን የሚሰሙኝ ልጅህና ወገኖችህ ናቸው፤ ለአንተ የቀረህ አፈሩ ነው። አፉ በለኝ ብዬ አላስቸግርህም፤ በዚህች ሰዓት እንኳ ከአንተ ልለምን? ዛሬ ከዚህ የሚመለስ ሰው ሁሉ ስምህን ንጹሕ አድርጎ ይዞ ይመለሳል። ይቺን ብቻ ነው ማድረግ የቻልኩት። ዘግይታለች።

ደህና ሁን ወርሳሜ። አንተ ቀና ብለህ ሂድ።