ከወገቡ ያልወረደችው

ሰው ሲሞት ክብደቱ የት ይሄዳል? አስፋልቱ ሳይመጣ፣ ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው አንድ ጎልማሳ የጣሪያውን ብረት ይዞ ቆሟል።

«ተቀመጥ እንጂ ልጄ፣ ቦታው ባዶ ነው።»

«አልችልም እማማ። ወገቤ ነው፤ ዲስክህ ተንሸራቷል ብለውኛል።»

«እኔን! ምን አግኝቶህ?»

«የታመመች ጎረቤታችንን በቃሬዛ ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ ስንወጣ፣ ዳገቱ ላይ ድንገት ከበደችኝ። ብጮህ ጓደኞቼ ‹ጎመን ብቻ የበላ!› ብለው ሳቁብኝ።»

«ከዚያስ?»

«ደርሰን ስናወርዳት ሞታለች።»

«ያ ረቢ!»

«ሊቀብሯት የተሸከሙት ግን ‹እንደ ገለባ ቀለለችን› አሉ።»

«ክብደቷስ?»

«እኔ ላይ ነዋ! አልወረደችም።»

«አሁንም አለች?»

«ያልተቀመጥኩት ለምን ይመስልዎታል?»

«ለሐኪሙ ነግረኸዋል?»

«እሱ የሚያውቀው ዲስኩን ነው። ደሴ ቀዶ ጥገና ይሠሩልሃል አለኝ።»

«አብሽር፤ ያወርዱልሃል።»

«እሱን አይደል የፈራሁት! ልጇ ገና ድክ ድክ ማለቷ ነው። ባየችኝ ቁጥር ዞራ ከኋላዬ ትመጣና ወደ ወገቤ አንጋጣ ‹እማዬ› ትላለች። ባዶዬን ስመለስ ምን እላታለሁ?»

ደሴ እስክንደርስ ቀና ብዬ ጀርባውን አላየሁም፤ ይህንንም ለሰው የተናገርኩት ከዓመታት በኋላ፣ እኔው ወገቤን ታምሜ ሐኪሙ «ምን ተሸክመሽ ነበር?» ባለኝ ቀን ነው።